«ከዳሽኝ» ሌላ፣ «ሴት ከሃዲ ናት» ሌላ

ጥያቄ፦ የዘፈን ግጥም እጽፋለሁ። የመለያየት ዘፈን በጀመርኩ ቁጥር «ሴት ገንዘብ ትወዳለች»፣ «ወንድ አይታመንም» ውስጥ እገባለሁ። ይህን ስንኝ ያነበበች ጓደኛዬ «እኔንም ሰደብከኝ» አለችኝ፦

የሴት ልጅ ፍቅሯማ ገንዘብ እስካለ ነው፤
ኪሱ ባዶ ሲሆን ልቧም ከሌላ ነው።

ሐዘኑን ሳላለዝብ እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ናት። የበደለችዎ አንዲት ሴት ናት፤ ፍርዱ ግን በሴት ሁሉ ላይ ወደቀ። ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው ቤት ለመምታት ከመቸኮል ነው። «ሴት» ብለው ስንኙን ከዘጉ «ወረት»፣ «ሀብት»፣ «እሳት» ወዲያው ይመጣሉ፤ ሐሳቡም ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

መጀመሪያ ጾታውን ገልብጠው ያንብቡት፦ «የወንድ ልጅ ፍቅሩማ»። ቀለሙ፣ ማለትም የክፍለ ቃሉ ብዛት፣ ያው 6 ስለሆነ ዜማው አይነካም። አድማጭ ግን «የትኛው ወንድ?» ብሎ ይጠይቃል። ለሴቷ ሲባል ጥያቄው ያልተነሣው አባባሉ ስለተለመደ ብቻ ነው።

ቀጥሎ «ሴት»ን አውጥተው «አንቺ»ን ያስገቡ፤ ያደረገችውንም አንድ ነገር ብቻ ይናገሩ። ስንኝዎ የወል ቤት ነው፣ 6 እና 6 ቀለም። በዚያው ልክ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

የቤት ኪራይ ደርሶ እጄ ባዶ ሳለ፣
ስልክሽ ጠራ ጠራ፣ አቤት ያለኝ የለ።

ማጣቱም መከዳቱም እዚህ አለ። ሐዘኑ እንዲያውም ይብሳል፤ አድማጩ የሚጠራውን ስልክ ይሰማዋልና። «ስልክሽ»ን «ስልክህ» ካሉት ደግሞ ድምፃዊትም ሌላ ምንም ሳትነካ ትዘፍነዋለች።

ከሁሉ በላይ አዝማቹን ይጠብቁ። ስንኝ ውስጥ አንዴ የተባለ ምሬት የተናጋሪው ስሜት ነው። አዝማች ሲሆን ግን ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ ተቀባዮች ይቀበሉታል፣ ሠርግ ላይ ሕፃናት ሳይቀሩ ይሉታል፤ ያኔ ስድቡ እንደ ሕግ ይሰማል። ስለዚህ ቁጣውን ለስንኙ፣ ጥያቄውንና ናፍቆቱን ለአዝማቹ ይስጡ። «ፍቅር ድሮ ቀረ» ማለትም ነውር የለበትም፣ የተጎዳ ሰው ይለዋል። ግን ከሥሩ ያው ሰው ማታ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚተኛ ያሳዩ። ተስፋ መቁረጡ የሚታመነው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፃዊት ነኝ። የሚሰጡኝ ግጥሞች ሁሉ ስለምትለምንና ስለምትጠብቅ ሴት ናቸው። ስቱዲዮ ከገባሁ በኋላ ማስለወጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ያኔ ከባድ ነው። ግጥሙን ዜማ ሳይሠራለት ይቀበሉና ከግሶቹ ሥር ያስምሩ። «ጠበቅኩህ»፣ «ለመንኩህ»፣ «አለቀስኩ» ብቻ ከሆኑ፣ ሴቲቱ የወሰነችበት ቢያንስ አንድ ግስ እንዲገባ ይጠይቁ፦ «ሄድኩ»፣ «መረጥኩ»፣ «እምቢ አልኩ»። ቅንብሩ ካለቀ ተተኪው ቃል በቀለም እኩል መሆን አለበት። ድምፅ በሚረዝምበት ቦታ ደግሞ እንደ «ልብ» ያለ የሳድስ ቃል አይመችም፤ «ና» ወይም «ሆዴ» ይሻላል።

ገጣሚው ሳያውቅ ግን ምንም አይለውጡ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የገጣሚውን የሞራል መብት፣ ማለትም ግጥሙ ክብሩን በሚነካ መልክ ሲለወጥ የመቃወም መብቱን፣ ይጠብቃል። የተስማማችሁበትን ለውጥ ድምፅ ከመቅዳትዎ በፊት በጽሑፍ ያድርጉት፤ ስንኙ ከነለውጡ ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት።