የቀየሩት ፓስዎርድ ሲመለስብዎ መጀመሪያ የዴስክቶፑን ሰዓት ይዩ

ጠያቂው የኪፓስኤክስሲ (ፓስዎርዶችን ቆልፎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ፋይላቸውን ድሮፕቦክስ (ፋይልን በኢንተርኔት ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚያደርስ አገልግሎት) ውስጥ አስቀምጠው ቤት በላፕቶፕ፣ ቢሮ በዴስክቶፕ ይጠቀማሉ። ቢሮ የቀየሩት ፓስዎርድ በማግስቱ ወደ አሮጌው ይመለስባቸዋል፤ ፎልደሩ ውስጥም «ኮንፍሊክትድ ኮፒ» (የተጋጨ ቅጂ) የሚል ፋይል ይፈለፈላል። ባለሙያ ጠርተው ትርፍ ፋይሎቹን አጥፍቶላቸው ሄዷል። ችግሩ ግን አልተነቃነቀም።

እኔን የያዘኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፦ ማታ ዲቫይደሩ ይጠፋል፣ ጠዋት ብሮውዘሩ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ያስቸግራል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ መሆን አለበት። መብራቱ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ጠዋት ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል። ያን ጊዜ የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫቸው) ቀኑ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል፤ ድሮፕቦክስም በዚሁ ሰበብ አይገናኝም።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ግን ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ኪፓስኤክስሲን ይዝጉና ያሉትን ፋይሎች በሙሉ፣ ኮንፍሊክትዶቹን ጨምሮ፣ ፍላሽ ላይ ኮፒ ያድርጉ።

ድሮፕቦክስ ፋይሎቹን ለምን በራሱ አያዋህድም? ድሮፕቦክስ ተላላኪ ነው። የተቆለፈ ሣጥን ይሰጡታል፣ ያደርሳል፤ ውስጡን አያይም። አንዲት ፊደል ቀይረው ሴቭ ቢያደርጉ እንኳ ኪፓስኤክስሲ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር አውጥቶ ሁሉንም እንደገና ስለሚቆልፈው ፋይሉ ከራስ እስከ እግሩ ሌላ ይሆናል። ተላላኪው ከሁለት በኩል ሁለት የማይመሳሰሉ ሣጥኖች ሲደርሱት ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ሌላ ምርጫ የለውም። አዋህዶ አንድ ማድረግ የሚችለው ቁልፉ ያለው ኪፓስኤክስሲ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እያንዳንዱን መዝገብ በመለያ ቁጥሩ ያገናኝና መጨረሻ የተቀየረበትን ሰዓት ያያል፤ የቅርቡ ያሸንፋል። ዳኛው ሰዓት ነው። ዴስክቶፕዎ ዛሬ የቀየሩትን «ከዓመታት በፊት» ብሎ ስለሚመዘግበው፣ «ሜርጅ ላድርግ?» (ላዋህድ?) ሲልዎ እሺ ባሉ ቁጥር የላፕቶፑ አሮጌ ፓስዎርድ ይረታል።

አሁን ወደ ሥራው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉና ሲአር2032 የሚባለውን የማዘርቦርዱን ባትሪ ያውጡ። ጤነኛው 3 ቮልት ነው፤ በቴስተር ከ2.7 በታች ካነበበ ይጣል። በካርድ አምስት አምስት ሆነው የሚሸጡትን ርካሾች አይግዙ፤ አንዳንዶቹ ገና ከካርዱ ሲወጡ የደከሙ ናቸው። ከዚያ ቀኑን ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ላይ ያስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ ታይም ዞኑ ናይሮቢ ይሁን፣ አውቶማቲክ ሰዓቱም ይብራ። በእኛ አቆጣጠር ለማየት ብለው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱ አሉ፤ አያድርጉት፣ ዳኛውን ያሳስታል።

ያ ባለሙያ ያጠፋቸው ፋይሎች ያናድዱኛል፤ አዲሱ ፓስዎርድ ያለው እነሱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ነጻው ድሮፕቦክስ የጠፋ ፋይልን 30 ቀን ያቆያልና በድረ ገጹ ገብተው ይመልሷቸው። እነሱንም ፍላሹ ላይ ኮፒ ያድርጉ፤ ይህን ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

ከዚያ በአንዱ ኮምፒውተር ብቻ ዋናውን ፋይል ከፍተው፣ ዳታቤዝ ከሚለው ሜኑ «ሜርጅ ፍሮም ዳታቤዝ» ብለው ኮንፍሊክትዶቹን አንድ በአንድ ያስገቡ። የተሸነፈው ፓስዎርድ አይጠፋም፣ ሂስትሪ (የመዝገቡ የቀድሞ ቅጂዎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ይገባል። ፓስዎርዱ የተመለሰብዎትን መዝገብ ለኤዲት ከፍተው ሂስትሪ ላይ ያ የዱሮ ቀን ያለበትን መስመር ይፈልጉ፤ ትክክለኛው ፓስዎርድ እዚያ ነው። ሪስቶር ይበሉት። ሰዓቱ ስለተስተካከለ አሁን የዛሬን ቀን ይይዛል፣ ላፕቶፑም ይቀበለዋል።

ማታ ዲቫይደሩን እንደ ልማድዎ ያጥፉና ጠዋት ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ገብተው ቀኑን ይዩ። ልክ ከሆነ ኮንፍሊክትዶቹን ማጥፋት ይችላሉ። የፍላሹን ኮፒ ግን በየመዝገቡ ገብተው ሳያረጋግጡ እንዳያጠፉት።