ክር የሚቆርጠው ጥርሳም ዓሣ

ጥያቄ፦ ፓይክ የሚባለውን ጥርሳም ዓሣ ለማጥመድ 20 ኪሎ የሚሸከም የተጎነጎነ ክር ገዛሁ። ያም ሆኖ ዓሣው ሦስት ጊዜ ማባበያዬን ይዞብኝ ሄደ። ከዚህ የወፈረ ክር ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ አትግዛ! ክርህ ምንም አልሆነም። 20 ኪሎ የሚለው ሲጎተት የሚችለውን ነው። ጥርስ ሌላ ነገር ነው። የተጎነጎነ ክር የብዙ ቀጫጭን ክሮች ጉንጉን ስለሆነ፣ ተወጥሮ ሳለ የፓይክ ጥርስ ከነካው እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። የጎደለህ በክሩና በማባበያው መሃል የሚገባ ሽቦ ነው።

ርዝመቱ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እኔ 40 አደርገዋለሁ። ዓሣው ማባበያውን ጠልቆ ሲውጠው አጭሩ ሽቦ አይበቃማ።

ብዙዎች ውሃ ውስጥ ጎልቶ አይታይም ብለው በሽቦው ፈንታ ወፍራም ፍሎሮካርቦን፣ ማለትም ጥርት ያለ የፕላስቲክ ክር፣ ይመርጣሉ። እኔም 1 ሚሊ ሜትሩን ስጠቀም ቆይቻለሁ። አንድ ቀን ዓሣ አውጥቼ ጥፍሬን ክሩ ላይ ሳስኬደው ሦስት ቦታ ያዘኝ። አንዱ ጭረት ግማሽ ድረስ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ብቻ ነው የማስረው።

ነጠላ የብረት ሽቦ አንዴ ከተቆለመመ ጣለው፣ እዚያው ላይ ይበጠሳል። የታይታኒየም ሽቦ ዋጋው ከበድ ቢልም ተመልሶ ይቃናል።

ደግሞ እባክህ፣ ሽቦውን ሳታስር አትወርውር። ክሩን የቆረጠ ዓሣ መንጠቆውን አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። መንጠቆውን ከዓሣው አፍ የምታወጣበት አፈ ረጅም ፒንሳም አይለይህ።