ልጅዎ ራሷ የቀረጸችውን ትምህርት ከመጀመሯ በፊት የማርኩን ነገር በጽሑፍ ይጨርሱ

እህቴ፣ ልጅዎ 11ኛ ክፍል የምትማርበት የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለአንድ ሰሚስተር የሚያጠኑትን ራሳቸው ቀርጸው በአንድ መምህር አማካሪነት እንዲሠሩ መፍቀዱን ገልጸው፣ ምን ብታዘጋጁ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ፣ በሌላ የግል ትምህርት ቤት ልጄ ይህንኑ ሲሠራ አብሬው ተንገላትቻለሁና ያየሁትን ልንገርዎ።

1ኛ፣ ጥያቄው ጠባብ ይሁን። ልጄ በመጀመሪያ ያቀረበው «የሐዋሳ ሐይቅ ብክለት» የሚል ነበር፤ ይህ እንኳን ለአንድ ተማሪ ለአንድ መሥሪያ ቤትም ይበዛል። ሦስት ጊዜ ከተመለሰበት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሚቀርበውን ቆሮሶ የሚባል ዓሣ በየቅዳሜው ጠዋት እየለካ ርዝመቱን መመዝገብ ሆነ፤ በሳምንት 30 ዓሣ፣ ለ11 ሳምንት፣ በልብስ ሰፊ ሜትር።

2ኛ፣ ከባለሙያዎቹ ጋር አስቀድማ ትላመድ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አስጋሪዎቹ ልጄን ተቆጣጣሪ የላከው መስሏቸው ትንንሾቹን ዓሦች ጀልባ ውስጥ ሸሸጓቸው። አንድ አዛውንት ደግሞ ሜትሩን አይተው «ልብስ ልትሰፋለት ነው?» ሲሉት፣ የተጣለ አንጀት ከሚሻሙት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች መካከል ቆሞ በኀፍረት ቀላ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዓሣውን መርጠው የሚያቀብሉት እኒሁ አዛውንት ነበሩ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ፣ ገዢ ሳይመጣ ሊደርስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣ ጀመር፤ ለፈተና እንኳ እንዲያ ተነሥቶ አያውቅም።

3ኛ ስለ ጊዜ አከፋፈል ልጽፍ ነበር፤ እኛን የጎዳን ግን እርሱ አይደለም። አማካሪው መምህር «ይህን ከሠራህ ከባዮሎጂ ፕሮጀክት ነፃ ነህ፤ 15ቱን ማርክ ከዚህ እሰጥሃለሁ» ብለውት ነበር፤ እኛም በቃል አመንን። ታኅሣሥ ላይ መምህሩ የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ለቀቁ፤ በግል ትምህርት ቤት የተለመደ ነውና አልፈርድባቸውም። ጥር ላይ ካርድ ሲመጣ የባዮሎጂ ፕሮጀክቱ ቦታ ባዶ ነበር። 330 ዓሣ የተመዘገበበትን፣ እስካሁንም ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ደብተር ይዘን መዝገብ ቤት ስንገባ፣ ሠራተኛዋ ሳትገልጠው «በሮስተር ላይ (የተማሪዎች ውጤት በየትምህርቱ በሚሞላበት ሰንጠረዥ) እንዲህ የሚባል ትምህርት የለም» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። የፈቃድ ደብዳቤያችንን ሳሳይ ደግሞ ማኅተምና ፊርማ ቢኖረውም ቲተር፣ ማለትም የፈራሚው ስምና ኃላፊነት የሚመታበት ማኅተም፣ የለውም ተባልሁ። ያንን ለማስመታት አራት ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ስለ ማርክ የሚለው ነገር እንደሌለ ተነገረኝ፤ እውነትም አልነበረውም። ልጄ ከትምህርት ቤቱ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው እንጂ 15ቱ ማርክ አልተመለሰም።

ስለዚህ ልጅዎ አንድ መስመር ከመጻፏ በፊት፣ ሥራው በየትኛው ትምህርት ሥር ከመቶ ስንት ሆኖ ሮስተር ላይ እንደሚገባ፣ አማካሪው ቢለቅ ማን እንደሚተካ፣ ደብተሩንም ማን እንደሚያርም በወረቀት ሰፍሮ ርእሰ መምህሩ ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂም እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። ወደ 12ኛ ክፍልም አታሻግሩት፤ ያን ዓመት ብሔራዊ ፈተናው ለሌላ ነገር ፋታ አይሰጥም።

ዘንድሮ ተራው የታናሽ እህቱ ነው፤ በዚሁ መልክ ያስፈረምሁትን ወረቀት ቅጂ ከፈለጉ እልክልዎታለሁ። ቲተሩም አለበት።