ጋራዡን ከቤቱ ጋር ላያይዘው ወይስ ለብቻው ላቁመው?

በዚህ እትም ሶስት ጥያቄ ነው የያዝኩት፣ ሶስቱም ከከተማው ዳር ዳር የመጡ ናቸው፣ ሶስቱም ስለ መኪና ማደሪያ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ተመሳሳይ ነገር የሚጽፍልኝ ሰው ስለበዛ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኛ ቱሉ ዲምቱ ነን፣ በማህበር ተደራጅተን የሰራነው ቤት ነው፣ ፎቅ የለውም፣ ብሎኬት ነው፣ ከገባንበት 7 አመት ሞላን። አንዲት ቪትዝ አለችን፣ ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሰናት ነው የምታድረው፣ ፀሀዩም ዝናቡም ቀለሟን በልቶ ጨረሰው። ከቤቱ የቀኝ ግድግዳ እስከ ጎረቤት አጥር 3 ሜትር ከ60 ስለሚተርፍ እዛ ጋር ጋራዥ ልጨምር ብዬ ግንበኛ አምጥቼ አሳየሁት። እሱ ያለኝ “ግድግዳ አለሽ እኮ፣ አንዱ የቤቱ አንዱ የአጥሩ፣ እኔ ከላይ ሞራሌ ሰክቼ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ፣ ከፊት የላሜራ በር ትገጥሚያለሽ፣ በሳምንት ያልቃል” ነው። ባለቤቴ ዋጋው ስለቀለለ ደስ ብሎታል። እኔን ግን ከነከነኝ፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ በበጋ የሚከፈት ክረምት ሲገባ ደግሞ የሚጠብ ስንጥቅ አለ፣ እና ቤቱ ላይ ሌላ ነገር መጨመሩ አስፈራኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መከንከንሽ ልክ ነው፣ ያ ስንጥቅ ራሱ ነግሮሻል። በበጋ እየተከፈተ በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ጥቁር አፈር ላይ ነው የቆመው ማለት ነው። ገበሬው መረሬ የሚለው፣ በኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው አፈር ነው፣ ከአቃቂ ጀምሮ ወደ እናንተ ሰፈር ስትመጪ በብዛት ያለው እሱ ነው፣ ሰፈሩ ከተማ ከመሆኑ በፊት ጤፍና ሽምብራ ያበቀለው። ለእርሻ የሚወደድበት ምክንያት ውሃ ጠጥቶ ስለሚይዝ ነው፣ ለቤት የሚጠላውም በዚሁ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በበጋ ባዶ ሜዳ ላይ ሄደሽ ብታዪ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛለሽ። በየአመቱ ቤትሽን ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ ያደርገዋል፣ ችግሩ ደግሞ ከሁሉም በኩል እኩል አለማንሳቱ ነው።

እና ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ይሄ አፈር ከከባድ ቤት ይልቅ ቀላሉን ነው የሚጎዳው። ፎቅ በክብደቱ ተጭኖ ይይዘዋል፣ መሰረቱም ወደታች ስለሚወርድ ከሚያብጠው አፈር ያልፋል። ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ ግን ክብደት የለውም፣ “ቀላል ነገር ስለሆነ መሰረት ብዙ አይፈልግም” እየተባለ ጉድጓዱም ጉልበት አይደርስም፣ ስለዚህ አፈሩ እንደፈለገ ያነሳዋል።

አሁን ግንበኛው ያለሽን እንየው። ቤትሽ 7 ክረምት አሳልፏል፣ ይነስም ይብዛም ቦታውን ይዟል። አዲሱ ስራ ደግሞ ገና መቀመጡ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው በራሱ መንገድ ነው። ሁለቱን ካሰርሻቸው አንዱ ሲሄድ ሌላው ይይዘዋል፣ ከዛ የሚቀደደው መጋጠሚያው ነው፣ መጋጠሚያው ደግሞ የሳሎንሽ ግድግዳ ነው። ሞራሌው የሚሰካበት ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው፣ ተበስቶ ከጎኑ ጣሪያ እንዲሸከም ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ ነፋስ ቆርቆሮውን ከስር ሲያነሳው ያንን ሁሉ የሚቀበለው ያ የተበሳው ቦታ ነው። አጥሩማ ጭራሽ አይሆንም፣ የአጥር መሰረት ራሱን እንዲያቆም ብቻ ነው የሚሰራው፣ በዛ ላይ አጥሩ የጎረቤትም ነው፣ ነገ እሱ አፍርሶ ልስራ ቢል ጣሪያሽ የት ሊያርፍ ነው?

እኔ ራሴ ይሄን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለእናቴ ቤት ሰርቪስ ስጨምር ከዋናው ቤት ግድግዳ ጋር አያይዤ ገነባሁት፣ አንድ ግድግዳ ተረፈልኝ ብዬ። የመጀመሪያው ክረምት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወረደ፣ በስንጥቁ ውሃ ገባ፣ የገባው ውሃ ደግሞ መሰረቱ ስር ያለውን አፈር ይበልጥ አሳበጠው። በስተመጨረሻ አፍርሼ ለይቼ ሰራሁት፣ እናቴ ያንን ክረምት ሙሉ እዛ ክፍል ባልዲ ደርድራ ነው ያሳለፈችው፣ እስካሁን አይረሳኝም።

ስለዚህ ያንቺ ጋራዥ በራሱ እግር ይቁም። እኔ ብሆን ግድግዳ ጭራሽ አልገነባም፣ 8 በ8 ሳንቲም የሆነ የአርኤችኤስ ብረት (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ቋሚ በየ3 ሜትሩ አቆማለሁ፣ በቤቱ በኩል 3 በአጥሩ በኩል 3፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ይሆናል (ቪትዝ ከ4 ሜትር በታች ናት ግን ነገ ፒክአፕ ብትገዙ ከ5 ሜትር በላይ ነው)። ከቤቱም ከአጥሩም 5 ሳንቲም ትለቂያለሽ፣ ሁለቱን ቋሚ ስትቀንሺ ውስጡ 3 ሜትር ከ34 ይቀርሻል። ቪትዟ ወርዷ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ወደ 80 ሳንቲም ይተርፋል፣ በር ከፍቶ ልጅ አቅፎ ለመውረድ ይበቃል።

መሰረቱ ላይ አትሳሺ። ጥልቀቱን የሚወስነው አፈሩ ነው፣ ጥቁሩ አልቆ ጠንካራው እስኪመጣ ይቆፈር፣ 2 ሜትር ወርዶም ካላለቀ መሀንዲስ ይየው፣ ጥቁሩ ወጥቶ በገረጋንቲ (በማያብጥ የመሙያ አፈር) መተካት አለበት፣ ገረጋንቲው ደግሞ አንዴ ተደፍቶ ሳይሆን በየ20 ሳንቲሙ ውሃ እየጠጣ እየተደቀደቀ። በቤቱ በኩል ስትቆፍሩ አደራ፣ የቤቱ የድንጋይ መሰረት ከግድግዳው ወደ ውጪ ይወጣል፣ ከስሩ እንዳትቦረቡሩት፣ ሶስቱንም ጉድጓድ በአንዴ ከፍታችሁ አታሳድሩ፣ አንዱ ተቆፍሮ ኮንክሪቱ ተሞልቶ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። ቋሚው ለቤቱና ለአጥሩ ስለሚጠጋ ልክ የፉቲንጉ (ከስሩ የሚፈሰው የኮንክሪት መሰረት) መሀል ላይ ማረፍ አይችልም፣ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለት ሁለቱ፣ አንዱ በቤቱ አንዱ በአጥሩ በኩል ያለው፣ በግሬድ ቢም (መሬት ላይ በሚተኛ የኮንክሪት ማሰሪያ) ይያያዙ፣ ከቢሙ ስርም ጥቁር አፈር አይቅር። ፌራዮው (ብረት አሳሪው) ለዚህ ስዕል ይፈልጋል፣ በአፍ የሚነገር ነገር አይደለም።

ቋሚዎቹን ኮንክሪት ውስጥ ከመቅበር ይልቅ ከታች ወፍራም ላሜራ ተበይዶ በቡሎን ይታሰሩ። ምክንያቱም አንዱ እግር ከአመታት በኋላ ቢነሳ ቡሎኑን ፈትተሽ ታስተካክይዋለሽ፣ የተቀበረ ብረት ግን አንዴ ከዘመመ ዘመመ ነው።

ጣሪያው ከቤቱ ወደ አጥሩ 35 ሳንቲም ያህል ይዝመም፣ ጫፉ ላይ አሸንዳ ይኑረው፣ አሸንዳው በናንተ ግቢ ውስጥ ይቅር፣ ውሃው በቱቦ ወደ ፊት መጥቶ መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ይግባ። የአዲስ አበባ ዝናብ በአመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው የሚወርደው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ያ ሁሉ ጣሪያሽ ላይ ተሰብስቦ በቤቱና በጋራዡ መሀል ወዳለችው 5 ሳንቲም ከወረደ ያመለጥሽውን ችግር በእጅሽ አመጣሽው ማለት ነው። ክፍተቷን ከላይ የታጠፈ ላሜራ ይሸፍናታል፣ ላሜራው የሚመታው ቤቱ ላይ ብቻ ነው፣ በጋራዡ ቆርቆሮ ላይ ተደርቦ ያርፋል እንጂ በምስማር አይያዝም፣ ሁለቱም ላይ ከተመታ መለያየቱ ቀረ። ወለሉም እንደዛው ነው፣ ድንጋይ ተደልድሎ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ሲፈስ ከቤቱ መሰረት ጋር እንዳይጣበቅ በመሀል ቀጭን ፎም ይግባ፣ ወደ በሩ በኩል 10 ሳንቲም ያህል ይዝመም።

በ2017 ታህሳስና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ታስታውሻለሽ፣ ተለይቶ የቆመ ነገር ለየብቻው ይወዛወዛል፣ የታሰረ ነገር ግን እርስ በርሱ ይጓተታል። ይሄም አንድ ምክንያት ነው።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በ2001 የወጣው የህንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከሁለት ፎቅ በታች ያለን መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው፣ ቀለል ያለው ምድብ ነበር፣ ቀለለ ማለት ግን ያለፈቃድ ይሰራል ማለት አይደለም። ካርታሽን ይዘሽ ወረዳ ሂጂ፣ በስራ ላይ ያለውን መመሪያ እዛው ጠይቂ፣ ከአጥር ስንት መራቅ እንዳለበትም በፅሁፍ ይንገሩሽ፣ ምናልባት ልኬቱን ሊቀይርብሽ ይችላል። ከዛ በፊት ግን ጎረቤትሽ ጋር ቡና ጠጥታችሁ ንገሪው፣ ውሃው ወደሱ እንደማይሄድ አሳዪው።

ጊዜውን ደግሞ ከመስቀል በኋላ አድርጊው፣ ጉድጓዱ ደርቆ የአፈሩ መልክ በደንብ ይታያል። ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን ጠዋት ማታ ውሃ ይጠጣ። በሳምንት አያልቅም፣ ዋጋውም ግንበኛው ካለው ይበልጣል፣ ለባለቤትሽ ይሄን ሳትደብቂ ንገሪው፣ የሳሎኑ ስንጥቅ ጋር ውሰጂውና አሳዪው።

ጥያቄ፦ እኔ ለቡ ነው ያለሁት፣ የገዛሁት መኪና የኤሌክትሪክ ነው። ጋራዥ ላሰራ ነው፣ እስከዛ ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን በመስኮት አውጥቼ ነው ቻርጅ የማደርገው። ገመዱ ሌሊት ስነካው ይሞቃል፣ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለው፣ ዛሬውኑ አቁም። በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ኤክስቴንሽን ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው ቀልጦ እሳት ያነሳል። ሳሎን ያለው መስመር ለቲቪና ለስልክ የተዘረጋ ነው፣ መኪና ግን ለሰአታት ሳያቋርጥ ነው የሚስበው፣ ምጣድ እንኳን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ይሄ ጥያቄ ገና ብዙ ቤት ይመጣል።

ጋራዡ ገና ስላልተሰራ እድለኛ ነህ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ፕላስቲክ ቱቦ ይቀበር፣ በኋላ ወለል ከመስበር ያድንሃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቻርጀር በ220 ቮልት 32 አምፔር ሲስብ 7 ኪሎዋት ይሆናል፣ ለሱ ብቻ የሚሆን መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ልቅ ኤሌክትሪክ ሲኖር የሚቆርጥ መሳሪያ እና ደህና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል፣ ገመዱ መዳብ ሆኖ ውፍረቱ 6 ካሬ ሚሊሜትር፣ ርቀቱ ረዘም ካለ 10። ቆጣሪህ ይሄን ይችላል ወይ የሚለውን ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሄደህ ጠይቅ፣ ካልቻለ ኃይሉ ዝቅ ያለ ቻርጀር ግጠም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያድር ለከተማ ውስጥ መንገድ ይበቃሃል። እና ኤሌክትሪሺያን ስታመጣ መሬት ሽቦውን በመሳሪያ ለክቶ ቁጥሩን ያሳይህ፣ “አለው” ብሎህ እንዳይሄድ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው። ጋራዣችን ከማድቤት ጋር በበር ይገናኛል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩን ሌባ እንዳይወስድብን እዛው ጋራዥ ውስጥ ነው የማስነሳው፣ የጋራዡን በር ትንሽ ከፈት አድርጌ። ባለቤቴ ራሴን ያመኛል ትላለች፣ ጭሱ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ እባክህ ይሄን እንዳነበብክ አውጣው። ጭሱ ብቻ ቢሆን ይሸታል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ ሰው የሚገድለው እሱ ነው። በሩን ትንሽ መክፈት አይበቃም፣ በማድቤቱ በር ስር አልፎ ወደ መኝታ ቤት ይሄዳል። ራስ ምታት የመጀመሪያው ምልክት ነው፣ ከዛ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፣ ሰው ተኝቶ ከሆነ ሳይነቃ ይቀራል። ድጋሚ ራሷን ካመማት ሁላችሁም ወዲያው ወደ ደጅ ውጡ፣ ሀኪም ቤትም ውሰዳት።

ለሌባው በ12 ፌሮ የተበየደ ሳጥን አሰራ፣ መሬት ላይ በቡሎን ይታሰር፣ ከላይ ቆርቆሮ ይኑረው፣ አራቱም ጎኑ ክፍት ፍርግርግ ይሁን። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭስ መውጫው ወደ የትኛውም መስኮት አይዙር፣ የጎረቤትንም ጨምሮ። መኪናውንም ጠዋት ለማሞቅ ከሆነ አስነስተህ ወዲያው ወደ ግቢ አውጣው። የማድቤቱ በር ከስሩና ከዳር ዳሩ ጎማ ይግባለት፣ ራሱ የሚዘጋ ሞላም ይገጠምበት።