ከፊልም ተሸካሚነት እስከ ዳይሬክተርነት፦ ስለ ሮበርት ዋይዝ አጀማመር

ውድ ጠያቂ፣

የዩኒቨርሲቲ ትምህርትዎን በገንዘብ እጦት ምክንያት ማቋረጥዎን፣ ምኞትዎ የፊልም ዳይሬክተር መሆን ሲሆን የተገኘልዎ ሥራ ግን በአንድ የቪዲዮ ድርጅት ውስጥ የተቀረጸውን ወደ ሃርድ ዲስክ እየገለበጡ ለኤዲተሮች ማድረስ እንደሆነ ጽፈውልኛል። «ይህን ብቀበል ተላላኪ ሆኜ እቀራለሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄዎ የአሜሪካዊውን የፊልም ዳይሬክተር የሮበርት ዋይዝን ሕይወት ማንሳት ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ዋይዝ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የተወለደ ሲሆን፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ቤተሰቡ የኮሌጅ ወጪውን መሸፈን ስላቃተው ትምህርቱን ትቶ በ1933 ወደ ሆሊውድ አቀና። በአር ኬ ኦ ስቱዲዮ የሂሳብ ክፍል ይሠራ የነበረው ወንድሙ እዚያው ሥራ አስገኘለት፤ ሥራውም የፊልም ጥቅሎችን ተሸክሞ ወደ ማሳያ ክፍሎች ማድረስና ቅጂዎችን መመርመር ነበር። (በወንድሙ በኩል መግባቱን ልብ ይበሉልኝ፤ ሥራ እንዲጠቁምዎ ዘመድ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።)

የሸክሙ ትልቅ ጥቅም ወደ ኤዲቲንግ ክፍል ማስገባቱ ነው። ዋይዝ በመጀመሪያ ድምፅና ሙዚቃ ማቀናበርን ተማረ፤ ቀጥሎ የኤዲተሩ የዊልያም ሃሚልተን ረዳት ሆነ፤ ከዚያም ራሱን የቻለ ኤዲተር ሆኖ በ1941 የወጣውን የዳይሬክተሩን የኦርሰን ዌልስን ፊልም «ሲቲዝን ኬን» አቀናበረ፤ ለኦስካርም ታጨበት። በዚያ ፊልም ውስጥ ባልና ሚስት ቁርስ ላይ የሚታዩበትን ክፍል ደጋግመው እንዲያዩት አደራ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ በፍቅር ይጨዋወታሉ፤ ከዚያ ይነቋቆራሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ዝም ብለው የየራሳቸውን ጋዜጣ ያነባሉ። የብዙ ዓመታት ትዳር እየቀዘቀዘ መሄዱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምናየው ከተለያዩ ዓመታት የተወሰዱ አጫጭር ትዕይንቶች ተከታትለው ስለሚቀርቡ ነው። የትኛው ቀረጻ መቅረት እንዳለበት እንዲህ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው፣ ከካሜራ ጀርባ ሲቆም ምን መቅረጽ እንዳለበት አይቸገርም።

ዕድሉም በዚሁ በር መጣለት። በ1944 የወጣ አንድ ፊልም ቀረጻው ከጊዜ ሰሌዳው በመዘግየቱ ዳይሬክተሩ ሲነሳ፣ የፊልሙ ኤዲተር የነበረው ዋይዝ ቦታውን ተረከበ። በኋላ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን ከጄሮም ሮቢንስ ጋር፣ «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ»ን ደግሞ ለብቻው ዳይሬክት አድርጎ ሁለት ጊዜ የምርጥ ዳይሬክተር ኦስካር ተሸልሟል።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። የዚያን ጊዜ ስቱዲዮዎች ሁሉንም ክፍል በአንድ ግቢ ይዘው ሠራተኞችን በቋሚነት ስለሚቀጥሩ፣ አንድ ወጣት ከክፍል ወደ ክፍል ማደግ ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን መሰላሉን የሚያዘጋጅልዎ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ከሥራ ሰዓት ውጭ ከኤዲተሮቹ አጠገብ መቀመጥ፣ የተጣሉ ቀረጻዎችንም ለልምምድ ማቀናበር ይፈቀድልዎ እንደሆነ ይጠይቁ። ከፈቀዱ ያለ ማመንታት ይግቡ፤ ካልፈቀዱ ሥራውን ለገቢ ብቻ ይያዙትና ሌላ ቦታ መፈለግዎን ይቀጥሉ። ምላሻቸውን ከውሉ ረቂቅ ጋር ቢልኩልኝ አብረን እንመለከተዋለን።