ብርጭቆዬን ያስቀመጥኩባት ሣጥን

ሰሞኑን አንዲት ወጣት "አለቃዬ የሚሰማው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሐሳብ ማቅረቤን ልተወው እንዴ?" ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እኔም እንደሱ ያለ አለቃ ነበርኩና።

የካርቶን ማሸጊያ ንድፍ የሚሠሩ ሰባት ልጆች ነበሩኝ። ከሁለቱ ጋር ምሳ እወጣለሁ፣ እንከራከራለን፣ ሲሳሳቱ እስቃለሁ። አምስቱን አዛለሁ፣ የሠሩትን እቀበላለሁ። በቃ። ክፋት አልነበረም፤ ሁለቱ ይቀሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአምስቱ ዝምተኛዋ መጣች። ከደብተሯ ወረቀት ቀዳ ያጠፈቻትን ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ሙጫ የላትም። ክዳኗ ጎኗ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል። ስልክ እያወራሁ ስለነበር "አየዋለሁ" አልኳት። ከዚያ ሳላስበው የውሃ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩባት። ጭፍልቅ አለች።

ከወር በኋላ ከሁለቱ አንዱ ያንኑ ሣጥን ሥሎ ስብሰባ ላይ አቀረበ። ከእሷ ወስዶ ይሁን ራሱ አስቦት እስከ ዛሬ አላውቅም። "ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው!" ብዬ ጠረጴዛ መታሁ። ቀና ስል አየኋት። አልተቆጣችም። የእስክሪብቶዋን ክዳን ገጠም አድርጋ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አብረን ሠራን። የታዘዘችውን በሰዓቱ ታስረክባለች፤ አዲስ ነገር ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹ አራቱም ዝም አሉ። የሚገርመው፣ ሁለቱ ወዳጆቼም ደረቁ። የሚሞግታቸው ሲጠፋ የትናንቱን ሐሳብ እያዞሩ ያመጡልኝ ጀመር።

የአመራር ተመራማሪው ጆርጅ ግሬንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ ጉዳይ ጽፈውበት ነበር፦ አለቃ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ሰው አይደለም፤ ለአንዳንዱ የቅርብ፣ ለሌላው የሩቅ ነው። እኔ ያነበብኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ምን ዋጋ አለው!

እናንተ የዛሬ ልጆች ግን ቶሎ ታኮርፋላችሁ። አንዴ "እናየዋለን" ከተባላችሁ በማግስቱ ሲቪ ትበትናላችሁ። ትንሽ ታገሡ እላለሁ። ግን እሷስ ታግሣ ምን አተረፈች? ተዉት፣ ይሄን እንዳላልኩ ቁጠሩት።

ለጠያቂዬ የመለስኩላት አጭር ነው፦ ሐሳብሽን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪለት፤ ሁሉም ባሉበት አውጪው። አለቃ የምትሆኑት ደግሞ ሁሉንም እኩል ውደዱ አልላችሁም፣ እኔ ዛሬም አልችልም። ስልኩን ግን ዝጉት።

ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። የሁለቱን ስልክ ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የእሷን መዝግቤው አላውቅም።