ግድግዳ ሳይበሳ ኮምፒውተሮችን ማገናኘት

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ሽንብጥ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለኝ። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ልጆቼ ፎቅ ላይ ያጠናሉ፣ እኔ ደግሞ ከግቢው ጀርባ ባለው ሰርቪስ ክፍል እሠራለሁ። ዋይፋዩ የኮንክሪቱን ወለል አልፎ በቅጡ አይደርስልንም። ግድግዳ ሳላስበሳ በመብራቱ ወይም በቀድሞው የስልክ መስመር መጠቀም እችላለሁን?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሆኖም ለፎቁና ለሰርቪሱ አንድ ዓይነት መፍትሔ አልመክርዎትም።

ለፎቁ የስልኩ ሽቦ ያለፈበት የፕላስቲክ ቱቦ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ሽቦው ራሱ ለኔትወርክ አይሆንም፤ በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት ለማሳለፍ 8 የተጠማዘዙ ሽቦዎች ያስፈልጋሉና። ስልኩ ከእንግዲህ የማይሠራ ከሆነ ግን የአሮጌውን ሽቦ ጫፍ ካት 5ኢ ከተባለው የኔትወርክ ኬብል ጋር አጥብቀው አስረው ከሌላው ወገን ቀስ ብለው ቢስቡት፣ ቱቦው እስካልተደፈነ ድረስ አዲሱ ኬብል የአሮጌውን ቦታ ይይዛል። ይህን ኬብል መብራት ባለፈበት ቱቦ ውስጥ ግን በፍጹም አያስገቡት።

ለሰርቪሱ ፓወርላይን አዳፕተር፣ ማለትም መረጃን በመብራት ሽቦ የሚያስተላልፍ መሣሪያ፣ ይሻላል። በግቢው ላይ በአየር የተዘረጋ ኬብል በክረምት የጣና ነጎድጓድ ሲበረታ መሣሪያዎችን ለአደጋ ያጋልጣል፤ እኔ አልወደውም። አዳፕተሮቹ ጥንድ ሆነው የሚሠሩ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩን መረጃ ከ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል እጅግ ከፍ ባለ ድግግሞሽ በዚያው ሽቦ ላይ ያሳልፋሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በተግባር ከግማሽ በታች ሊወርድ እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ። አዳፕተሩን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ በስታብላይዘር ወይም መከላከያ ባለው ዲቫይደር በኩል ከሰኩት ምልክቱ ይዳከማል። የውኃ ፓምፕና ርካሽ ቻርጀርም ይረብሹታል። መብረቅ ሲኖር እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ይንቀሉት፤ መብራት ሲጠፋም ግንኙነቱ አብሮ እንደሚቋረጥ አይዘንጉ።

ከመግዛትዎ በፊት ሰርቪሱ ከሳሎኑ ጋር በአንድ ቆጣሪ ሥር መሆኑን ያረጋግጡ። ቤትዎ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ሁለቱ ክፍሎች በተለያየ ፌዝ ላይ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ምልክቱ ደካማ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ሻጩ መልሶ ለመቀበል ከተስማማ፣ ሁለቱንም አዳፕተሮች በመጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ይሞክሯቸው፤ ቀጥሎ አንዱን ወደ ሰርቪሱ ይውሰዱ። ሳሎን ውስጥ ደህና ሠርቶ ሰርቪሱ ውስጥ ከደከመ፣ የሰርቪሱን መስመር ወደ ሳሎኑ ፌዝ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጭነቱን አስልቶ እንዲነግርዎት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ።